የክላውድ አገልግሎት ለድርጅቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰርቨሩን፣ ፋይሉን ወይም የሒሳብ ሶፍትዌሩን ወደ ክላውድ ለመውሰድ የሚያስብ ድርጅት የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ተመልሰዋል። ደረሰኝ ሲመጣ ወይም ፋይል ሲጠፋ ብቻ ትዝ የሚሉትም ተካተዋል፤ እነሱን ቀድሞ መጠየቅ ብዙ ያድናል።

ክላውድ ምንድን ነው? ሰርቨር ከመከራየትስ በምን ይለያል?

ክላውድ የሌላ ድርጅት ንብረት የሆነ ኮምፒዩተርና ማከማቻ ነው፤ በኢንተርኔት ገብተው ይሠሩበታል፣ በተጠቀሙት ልክ ይከፍላሉ። ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ነገሩ መሬት ላይ ነው ያለው፦ በመደርደሪያ የተደረደሩ ሰርቨሮች፣ ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተርና የፋይበር መስመር ያሉት ሕንፃ።

ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ፍቺ አምስት መለያዎች አሉት። ተጠቃሚው የአቅራቢውን ሠራተኛ ሳያነጋግር የሚፈልገውን ራሱ ያዝዛል። አገልግሎቱ በኔትወርክ ከተለያዩ መሣሪያዎች ይገኛል። የአቅራቢው መሣሪያ ብዙ ደንበኞችን በጋራ ያገለግላል። አቅሙ በፍጥነት ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ፍጆታው ይለካል። «ክላውድ» ተብሎ የቀረበልዎት አገልግሎት ተጨማሪ ሰርቨር ለማግኘት ኢሜይል ልኮ ሁለት ቀን መጠበቅ የሚያስፈልገው ከሆነ ተራ የሰርቨር ኪራይ ነው። ክፋት የለውም፤ ዋጋውን ግን ከኪራይ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት።

ገበያው ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኤስ ስሪ የተባለውን ማከማቻና ኢሲ ቱ የተባለውን የሰርቨር አገልግሎት ሲያወጣ ነው። የጉግል አፕ ኢንጂን በ2008 ተከተለ፤ የማይክሮሶፍት አዙር በ2010 ለንግድ ክፍት ሆነ።

አያስ፣ ፓስ፣ ሳስ የሚባሉት ምንድን ናቸው? ለእኛ የሚሆነው የትኛው ነው?

ልዩነታቸው ከሥራው ምን ያህሉ በእርስዎ እጅ ይቀራል በሚለው ነው።

አያስ፣ ማለትም ኢንፍራስትራክቸር እንደ አገልግሎት፣ ባዶ ቨርቹዋል ማሽን (በአቅራቢው ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የተፈጠረ፣ ራሱን እንደቻለ ኮምፒዩተር የሚሠራ)፣ ዲስክና ኔትወርክ ይሰጥዎታል። ስርዓተ ክወናውን ማደስ፣ ፋየርዎሉን ማስተካከል፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መያዝ፣ ዲስክ ሲሞላ ማየት የእርስዎ ሥራ ነው። ፓስ፣ ማለትም ፕላትፎርም እንደ አገልግሎት፣ ስርዓተ ክወናውን ከእጅዎ ያወጣል። ለምሳሌ ዳታቤዝ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፤ ማደሱም የዕለት ባክአፑም የአቅራቢው ነው፣ የሠንጠረዡና የይለፍ ቃሉ ጉዳይ ግን የእርስዎ። ሳስ፣ ማለትም ሶፍትዌር እንደ አገልግሎት፣ ያለቀለት ሶፍትዌር ነው፦ ኢሜይል፣ ሒሳብ፣ የደመወዝ ዝግጅት፣ የደንበኞች መዝገብ። ብዙውን ጊዜ በተጠቃሚ ቁጥር በየወሩ ይከፈልበታል።

ቋሚ የአይቲ ባለሙያ የሌለው ድርጅት ከሳስ ይጀምር፤ ይህን ምክር ያለ ማመንታት እንሰጣለን። ቨርቹዋል ማሽን መከራየት ቀላል ነው፤ ለሦስት ዓመት እየተከታተሉ ማደሱ ነው የሚከብደው። አንድ ማሽን ተከራይቶ የድርጅቱን ኢሜይል ሰርቨር በራስ መትከል በተለይ አይመከርም። ትልልቆቹ አቅራቢዎች ኢሜይል የሚወጣበትን ፖርት 25 (ፖርት ማለት በቁጥር የሚለይ የኔትወርክ በር ነው) ከመጀመሪያው ዘግተው ይሰጣሉ፤ ቢከፈትም የአይፒ አድራሻው፣ ማለትም የማሽኑ የኢንተርኔት መለያ ቁጥር፣ ቀድሞ በሌላ ሰው አይፈለጌ መልእክት ስሙ የጠፋ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ደብዳቤዎ በቀጥታ ወደ አይፈለጌ ሳጥን ይገባል።

ክፍያው በትክክል በምን በምን ላይ ነው?

ሻጩ የሚነግርዎት የማሽኑን ዋጋ ነው። ደረሰኙ ላይ ግን ቢያንስ ስድስት ነገሮች ይመጣሉ።

ማሽኑ በበራበት ጊዜ ሁሉ ይከፈልበታል፤ ሥራ ቢሠራም ባይሠራም። ማጥፋቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለምሳሌ በአዙር ማሽኑን ከዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ቢዘጉት ሒሳቡ መቁጠሩን አያቆምም፤ ከአስተዳደር ገጹ ገብተው ማቆምና መሣሪያውን መልቀቅ ያስፈልጋል።

ዲስክ የሚከፈለው በታዘዘው መጠን ነው። 500 ጊጋባይት አዝዘው 80 ብቻ ቢሞሉ የሚከፍሉት የ500 ነው። ኤስ ስሪን የመሰለው የፋይል ማከማቻ ግን ባስቀመጡት ልክ ይቆጥራል፤ ፋይሉ በተጻፈና በተነበበ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ያስከፍላል። ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይል ያለው ሥራ በዚህ ይጎዳል። ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ መላክ ሒሳቡን በግልጽ ይቀንሰዋል።

ወደ ክላውድ የሚገባ ዳታ ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፤ የሚወጣው ይከፈልበታል። ከአንድ ሪጅን (የአቅራቢው ዳታ ሴንተሮች ካሉበት አካባቢ) ወደ ሌላ ሪጅን፣ በአንዳንድ አቅራቢዎች ዘንድ በአንድ ሪጅን ውስጥ ባሉ ሕንፃዎች መካከልም ሲተላለፍ ይቆጠራል። ቪዲዮ ወይም ትልልቅ ምስል የሚያቀርብ ድርጅት ትልቁ ወጪው ይህ ሊሆን ይችላል፣ ከማሽኑም በላይ።

የቀሩት የሕዝብ አይፒ አድራሻ (አማዞን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ላለውም ያስከፍላል)፣ የሎግ (ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) ክምችት፣ የሶፍትዌር ፈቃድና የድጋፍ ውል ናቸው። የድጋፍ ውሉን አይርሱት፤ ያለ እሱ ሌሊት ችግር ሲፈጠር የሚያነሳልዎት ስልክ የለም።

የመጀመሪያው ወር ደረሰኝ ከግምታችን እጥፍ መጣ። ምን ሆኖ ነው?

ደረሰኙን በአገልግሎት ዓይነት ከፋፍለው ይዩት፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ማሽን ተሰርዞ ዲስኩ ቀርቷል። ማሽኑን መሰረዝ ዲስኩን ሁልጊዜ አይሰርዝም፤ ባለቤት የሌለው ዲስክ ለወራት እየተከፈለበት ይቆያል። ስናፕሾት (የዲስኩ የአንድ ጊዜ ቅጂ) በየቀኑ እየተነሳ የሚጠፋበት ቀን አልተወሰነለትም። ለሙከራ የተከፈተ ማሽን ቅዳሜና እሁድም ሌሊትም በርቶ ያድራል። ሎግ በጣም ዝርዝር በሆነው ደረጃ ላይ ተረስቷል። እንደ ጭነቱ ራሱን የሚያሳድገው አገልግሎት ከፍተኛ ገደብ ሳይደረግለት ቀርቶ የሮቦቶችን ጉብኝት እንደ ደንበኛ ቆጥሮ አድጓል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመግቢያ ቁልፍ በኮድ ውስጥ ተጽፎ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማከማቻ ላይ ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ቁልፍ የሚያድኑ ፕሮግራሞች በደቂቃዎች ውስጥ ያገኙታል፤ በእርስዎ ሒሳብ ክሪፕቶ ለማምረት ብዙ ትልልቅ ማሽኖች ይከፍቱበታል። ቁልፉ መውጣቱን እንዳወቁ መጀመሪያ ቁልፉን ይሰርዙ፣ ከዚያ በየሪጅኑ እየገቡ የማያውቁት ማሽን እንዳለ ይፈልጉ፤ እርስዎ የማይጠቀሙበት ሪጅን ውስጥ ነው ብዙ ጊዜ የሚደበቀው።

መከላከያው ቀላል ነው። አካውንቱ በተከፈተ ዕለት፣ ምንም ነገር ሳይፈጠር፣ የበጀት ማስጠንቀቂያ በ50፣ በ80 እና በ100 በመቶ ላይ ያስቀምጡ። ለሚፈጠረው ሁሉ የክፍሉንና የኃላፊውን ስም የያዘ መለያ ይስጡ። ማስጠንቀቂያው ግን ኢሜይል ይልካል እንጂ አገልግሎቱን አያቆምም፤ የሒሳቡ መረጃም በሰዓታት ይዘገያል።

ለሙከራ ማሽን የሚሆን አንድ ስሌት፦ ወር በአማካይ 730 ሰዓት ነው። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ብቻ የሚሠራበት ማሽን 220 ሰዓት ይበቃዋል። በሰዓቱ እንዲጠፋና እንዲበራ ቢደረግ ከማሽኑ ክፍያ 70 በመቶ ገደማ ይቆጠባል። የዲስኩ ክፍያ ግን ይቀጥላል።

ክላውድ ከራስ ሰርቨር ይረክሳል?

እንደ ሥራው ባሕርይ ነው። ጭነቱ የሚዋዥቅ፣ በወር መጨረሻ ወይም በበዓል ሰሞን ብቻ የሚያድግ፣ ወይም ገና ምን ያህል እንደሚያድግ ያልታወቀ ሥራ በክላውድ ይረክሳል። ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን በእኩል ጭነት የሚሠራ ነገር በተራው የሰዓት ዋጋ ከተከፈለበት ከራስ ሰርቨር ሊበልጥ ይችላል። ድሮፕቦክስ ለዓመታት በአማዞን ላይ ያስቀመጠውን አብዛኛውን የደንበኞች ፋይል ወደ ራሱ ዳታ ሴንተር እንዳዛወረ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል፤ ለዚያ ግን የእሱን ያህል መጠንና መሐንዲስ ይጠይቃል።

ስታነጻጽሩ የሰርቨሩን ግዢ ብቻ አትያዙ። ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣ፣ የዩፒኤስ ባትሪ፣ መለዋወጫ ዲስክ፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት ውስጥ የሚመጣው የመተኪያ ግዢ፣ እሱን የሚጠብቀው ሰው ጊዜ ሁሉ ይደመር።

የአንድ ወይም የሦስት ዓመት የመጠቀም ቃል ከገቡ አቅራቢዎች ጠቀም ያለ ቅናሽ ይሰጣሉ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ትክክለኛ ፍጆታዎን ሳይለኩ አይፈርሙ፤ ያልተጠቀሙበትንም ይከፍላሉና። በጣም የረከሰው ስፖት የሚባለው፣ አቅራቢው ለጊዜው ያልተጠቀመበትን ማሽን በቅናሽ የሚሰጥበት ነው። አቅራቢው ሲፈልገው መልሶ ይወስደዋል፤ በአማዞን የ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ በጉግል 30 ሰከንድ። ተቋርጦ ሊቀጥል ለሚችል ሥራ ጥሩ ነው፣ ለዳታቤዝ ፈጽሞ አይሆንም።

ለዳታችን ደህንነት ኃላፊው ማን ነው?

ኃላፊነቱ የጋራ ነው፤ ድንበሩም በውሉ ላይ ተጽፏል። ሕንፃው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሰርቨሩና ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር የአቅራቢው ነው። ማን ይግባ፣ የትኛው ፋይል ለማን ይታይ የሚለው በሦስቱም የአገልግሎት ዓይነቶች የእርስዎ ነው፤ በአያስ ደግሞ የቱ ፖርት ይከፈት የሚለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በካፒታል ዋን ባንክ ላይ በደረሰው የመረጃ ስርቆት በአሜሪካ ብቻ 100 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ተነክተዋል። ቀዳዳው በደንበኛው በኩል በስህተት የተዋቀረ ፋየርዎል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦

1. አካውንቱ የሚከፈተው በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ነው። በሠራተኛ የግል ኢሜይል ወይም በሥራ ተቋራጩ ስም የተከፈተ አካውንት ሰውየው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ከፋዩ እርስዎ ቢሆኑም አቅራቢው የሚያውቀው ባለቤት እሱ ነው።
2. ዋናው የባለቤት መግቢያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይደረግበትና ለዕለት ሥራ አይዋል። የማረጋገጫ መሣሪያው አንድ ስልክ ብቻ አይሁን፤ ስልኩ የጠፋ ዕለት ድርጅቱ በሙሉ ውጭ ይቀራል።
3. እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይኑረው፣ ለሥራው የሚበቃውን ፈቃድ ብቻ ይያዝ። የጋራ መግቢያ ካለ ማን ምን እንዳደረገ ከሎግ ማወቅ አይቻልም።
4. ማሽኑን ከሩቅ ለማስተዳደር የሚገባባቸው ፖርት 22 እና 3389 ለዓለም ሁሉ ክፍት አይሁኑ። በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) በኩል ወይም ከታወቀ አይፒ ብቻ ይገባባቸው።
5. ሠራተኛ ሲለቅ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ። የሰው ኃይል ክፍሉ ለአይቲ የሚያሳውቅበት ቅጽ ከሌለ ይህ ይረሳል።

ምስጠራ (ቁልፉ የሌለው ሰው ዳታውን እንዳያነበው ማድረግ) የት ገባ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትልልቆቹ አቅራቢዎች የተቀመጠ ዳታን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያመሰጥራሉ። ይህ ዲስክ ከሰረቀ ሰው ያድናል፤ የይለፍ ቃልዎን ይዞ ከገባ ሰው ግን አያድንም።

አቅራቢው ባክአፕ ይይዝልናል አይደል?

ብዙ ድርጅት የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

የክላውድ ማከማቻ ፋይልን በብዙ ዲስክ ላይ አባዝቶ ያስቀምጣል። ኤስ ስሪ የተነደፈው በዓመት 99.999999999 በመቶ ፋይል እንዳይጠፋ ነው። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ዲስክ ብልሽት ነው። ሠራተኛ በስህተት ቢሰርዘው፣ ቫይረስ ቢቆልፈው፣ ሶፍትዌር አበላሽቶ ቢጽፍበት፣ ስህተቱ በሁሉም ቅጂ ላይ ወዲያው ይባዛል። ማባዛትና ባክአፕ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሳስ ውስጥ ደግሞ የቆሻሻ መጣያው ገደብ አለው። በጉግል ድራይቭ የተሰረዘ ፋይል መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ በማይክሮሶፍት ሼርፖይንት 93 ቀን። ከአራት ወር በፊት የለቀቀ ሠራተኛ የሰረዘውን ውል ዛሬ ቢፈልጉ መጣያው ባዶ ነው።

ሦስት የታወቁ አደጋዎች ሦስት የተለያዩ መንገዶችን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ በሚገኘው የክላውድ አቅራቢው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር እሳት ተነስቶ አንዱን ሕንፃ ሙሉ በሙሉ አወደመ፤ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። በጁን 2014 ኮድ ስፔስስ የተባለው ድርጅት የክላውድ አስተዳደር ገጽ በአጥቂ እጅ ገባ፤ ማሽኖቹም ባክአፖቹም በአንድ አካውንት ውስጥ ስለነበሩ አብረው ተሰረዙ፣ ድርጅቱም ተዘጋ። በሜይ 2024 ደግሞ ዩኒሱፐር የተባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ በጉግል ክላውድ የነበረው አገልግሎት በአቅራቢው በኩል በተፈጠረ የማዋቀር ስህተት ተሰረዘ፤ ከተሰረዘው ውጭ የተቀመጠ ባክአፕ ስለነበረ መመለስ ተቻለ።

ስለዚህ የቆየው 3-2-1 ደንብ በክላውድም ይሠራል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቦታው ውጭ። «ከቦታው ውጭ» ሲባል በክላውድ አነጋገር ሌላ ሪጅን እና ሌላ አካውንት ማለት ነው፤ የዋናው አካውንት አስተዳዳሪ ሊሰርዘው የማይችል። ለተወሰነ ቀን ማንም እንዳይሰርዘው የሚቆልፍ አማራጭ ካለ ይክፈቱት።

ከዚያም ሁለት ቁጥር ይወስኑ። የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ ይችላሉ? በስንት ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት? የመጀመሪያው 4 ሰዓት ከሆነ የሌሊት ባክአፕ አይበቃም። ለሁለተኛው መልስ የሚሰጠው ሙከራ ብቻ ነው፦ በየሦስት ወሩ አንድ ዳታቤዝ ወደ ባዶ ማሽን ይመልሱ፣ ሰዓት ይያዙ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ቁጥሮቹን አይቶ ያረጋግጥ። «ባክአፑ ተሳክቷል» የሚለው አረንጓዴ ምልክት የሚነግርዎት ፋይል መጻፉን ነው፤ መከፈቱን አይደለም።

ባክአፑን በጣም ርካሽ በሆነው የአርካይቭ ማከማቻ የሚያስቀምጡ ከሆነ የጊዜ ገደቡን ያንብቡ። የአማዞኑ ግሌሸር ዲፕ አርካይቭ በመደበኛው አሠራር ፋይሉን ለመመለስ እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ከ180 ቀን በፊት ቢሰርዙትም የ180 ቀኑን ያስከፍላል።

በውሉ ላይ ያለው 99.9 በመቶ ምን ማለት ነው?

በ30 ቀን ወር ውስጥ 43 ደቂቃ ቢቋረጥ ውሉ አልፈረሰም ማለት ነው። 99.95 ከሆነ ወደ 22 ደቂቃ፣ 99.99 ከሆነ 4 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ፣ 99 ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ7 ሰዓት በላይ። ሥራዎ ሦስት አገልግሎቶችን በተርታ የሚጠቀም ከሆነና እያንዳንዱ 99.9 ቢሆን፣ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ስለሚቆም ድምሩ 99.7 ገደማ ይሆናል፤ በወር ከ2 ሰዓት በላይ ነው።

ገደቡ ሲታለፍ የሚሰጠው ካሳ ከሚቀጥለው ደረሰኝ ላይ የሚቀነስ የተወሰነ በመቶ ነው፤ በብዙዎቹ ውሎች ደንበኛው ራሱ በጊዜ ገደብ ውስጥ ማመልከት አለበት። የጠፋብዎትን ሽያጭ ማንም አይከፍልዎትም። መቋረጥ ደግሞ በትልልቆቹም ይደርሳል፦ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 የአማዞን ሠራተኛ በስህተት ባስገባው አንድ ትእዛዝ ኤስ ስሪ በአንድ ሪጅን ለ4 ሰዓት ገደማ ቆሟል፣ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ብዙ ድረ ገጾችም አብረው ቆመዋል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የመስመሩ ዋጋ የክላውዱ ዋጋ አካል ነው። ሁለተኛ መስመር ያስገቡ፤ ከሌላ አቅራቢ፣ ቢቻል በሌላ መንገድ የሚመጣ። ሁለት ፋይበር በአንድ ጉድጓድ ከገባ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣል። ለትንሽ ቢሮ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ራውተር ይበቃል። ራውተሩና ስዊቹ በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ላፕቶፖች ባትሪ ኖሯቸው ራውተሩ ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል። ሽያጭ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ከሆነ ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ በኋላ የሚልክ መሆኑን ከመግዛትዎ በፊት ኬብሉን ነቅለው ይሞክሩት።

የትኛውን ሪጅን እንምረጥ?

ለተጠቃሚዎችዎ የሚቀርበውንና ሕጉ የሚፈቅደውን። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 6,000 ኪሎሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር ለአንድ ምልልስ ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። ድረ ገጽ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም።

ለአሮጌ የቢሮ ሶፍትዌር ግን ገዳይ ነው። ሶፍትዌሩ ቢሮ ካለ ኮምፒዩተር ላይ ቀርቶ ዳታቤዙ ብቻ ወደ ክላውድ ሲሄድ፣ አንድ ገጽ ለመክፈት 400 ጥያቄ በተርታ የሚልክ ከሆነ 400 ጊዜ 60 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 24 ሰከንድ ይፈጃል። እዚያው ቢሮ ውስጥ ከግማሽ ሰከንድ በታች ነበር። የማሽኑን አቅም መጨመር ይህን አይፈታም። መፍትሔው ሶፍትዌሩንና ዳታቤዙን አንድ ቦታ አድርጎ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቁን ማሽን ስክሪን ከቢሮ ሆኖ በሚያሳይ ፕሮግራም) መግባት ወይም ሶፍትዌሩን መለወጥ ነው።

ስለ ሕጉ፦ የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ክላውድ አክት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ሥር ያለ አቅራቢ ዳታው በየትም አገር ቢቀመጥ በፍርድ ትእዛዝ እንዲያቀርብ ሊያስገድደው ይችላል። የጤና፣ የባንክ ወይም የሕፃናት መረጃ ካለዎት ሪጅን ከመምረጥዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ።

ፐብሊክ፣ ፕራይቬትና ሃይብሪድ ክላውድ ምንድን ናቸው?

ፐብሊክ ለማንኛውም ደንበኛ ክፍት የሆነው ነው። ፕራይቬት ለአንድ ድርጅት ብቻ የተለየ። ሃይብሪድ ሁለቱን በኔትወርክ ያያይዛል። አንድ ሰርቨር ቢሮ ትቶ ኢሜይሉን ክላውድ ያደረገ ድርጅት፣ ስሙን ባያውቀውም፣ ወደ ሃይብሪድ የተጠጋ ነው።

ማዛወሩ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እንዴትስ ይሠራል?

መጀመሪያ የመላኪያ ፍጥነትዎን ይለኩ፤ ማስታወቂያው የሚናገረው ስለ ማውረጃው ነው። 1 ቴራባይት በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ያለ ማቋረጥ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ በ20 ሜጋቢት ከ4 ቀን ተኩል በላይ። መስመሩን ሌላውም ሰው ስለሚጠቀምበት እጥፉን ያስቡ። መጠኑ በአሥር ቴራባይቶች ከሆነ ዲስክ በአካል የሚላክበት አገልግሎት ያላቸው አቅራቢዎች አሉ።

በቅድሚያ ያለዎትን ይዘርዝሩ፦ የትኛው ሶፍትዌር ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር ይነጋገራል፣ ማን ይጠቀምበታል፣ ፈቃዱ ወደ ቨርቹዋል ማሽን እንዲዛወር ይፈቅዳል ወይ። በማሽኑ ሃርድዌር ቁጥር የታሰረ ፈቃድ በማዛወሩ ሌሊት መሥራት ያቆማል፤ ሻጩን ቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ ቢጠፋ ብዙም የማይጎዳ አንድ ሥራ መርጠው ያዛውሩና ሁለት ሳምንት ይጠቀሙበት።

ለዋናው ሥራ ዳታውን ቀድመው ይቅዱ፤ በኋላ የተለወጠውን ብቻ እየጨመሩ ያመሳስሉ። የዲኤንኤሱን (የሰርቨሩን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚመራውን መዝገብ) የቆይታ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱ፤ ካልሆነ አንዳንዱ ተጠቃሚ ለሰዓታት ወደ አሮጌው ሰርቨር ይሄድና በሁለት ቦታ የተመዘገበ ዳታ ይኖርዎታል። በመቀየሪያው ሰዓት አሮጌውን ለንባብ ብቻ ያድርጉት፣ የመጨረሻውን ልዩነት ያመሳስሉ፣ የመዝገቦቹን ቁጥርና ጠቅላላ ድምሩን በሁለቱም በኩል ያወዳድሩ፣ ከዚያ ተጠቃሚዎችን ያስገቡ። ወደ ኋላ የምንመለሰው ስንት ሰዓት ላይ ምን ካልሠራ ነው የሚለውም አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሌሊት በድካም የሚወሰን ነገር አይደለም። አሮጌው ሰርቨር አንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ።

በማግስቱ የሚወጡት ችግሮች ተመሳሳይ ናቸው። ፕሪንተር ወይም ስካነር ላይ በቁጥር የተጻፈ የአሮጌው ሰርቨር አይፒ አለ። የክላውድ ማሽኖች ሰዓት ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ስለሚጀምር የዕለቱ ሪፖርት በተሳሳተ ሰዓት ይዘጋል። የሌሊት ሥራ የሚያስጀምረው መርሐ ግብር አልተዛወረም፤ ይህኛው የሚታወቀው ወር ሲያልቅ ነው።

ካልተስማማን መውጣት እንችላለን?

ይቻላል፤ ቀላልነቱ ግን የሚወሰነው ሲገቡ ነው። ተራ ቨርቹዋል ማሽንና እንደ ፖስትግሬስ ያለ ክፍት ዳታቤዝ በማንኛውም ቦታ ይሠራል። አንድ አቅራቢ ብቻ ባለው ዳታቤዝ ላይ የተጻፈ ሶፍትዌር ግን እንደገና መጻፍ ይፈልጋል። በሳስ ደግሞ ከመፈረም በፊት ሙሉ ዳታውን አውጥተው ይዩ። የደንበኛ ዝርዝር በሠንጠረዥ ፋይል መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ የተያያዙት ሰነዶችና የለውጥ ታሪኩ አብረው ይወጣሉ ወይ?

የመውጫ ክፍያው እየቀለለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ጠቅልለው ለሚለቁ ደንበኞች የዳታ ማውጫ ክፍያውን አንስተዋል። አስቀድሞ ማመልከትና በተሰጠው ጊዜ ውስጥ መጨረስ ግን ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዳታ አክት ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ደግሞ አቅራቢ ለመቀየር የሚጠየቅ ክፍያን ይከለክላል።

ሲወጡ የመጨረሻውን ባክአፕ አዲሱ ቦታ ላይ ከፍተው ሳያዩ አሮጌውን አይሰርዙ። ከዚያ በየሪጅኑ እየገቡ ማሽኖችን፣ ዲስኮችን፣ ስናፕሾቶችንና አይፒ አድራሻዎችን ያጥፉ። የክፍያ ካርዱን ከባንክ ማዘጋት ውሉን አያቋርጥም፤ ዕዳው ይቆጠራል። አንድ ሙሉ ወር ዜሮ ደረሰኝ ካዩ በኋላ አካውንቱን ይዝጉ፣ የቆዩትን ደረሰኞችም ለሒሳብ ክፍሉ አውርደው ያስቀምጡ።